ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ያልተሰጠው ወረቀት

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለከተማና ለክልል የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች
ግልባጭ፦ ለአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋማት፤ መኪናቸውን ለልጃቸው ለሚሰጡ ወላጆች

ጉዳዩ፦ አዲስ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡ ወጣቶችን ይመለከታል

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የጻፍነው በአደጋ ምርመራ፣ በመድን ካሳ ግምትና በአሽከርካሪ ሥልጠና ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዲስ ፈቃድ ያወጣ ወጣት በመጀመሪያው ዓመት የሚነዳበት ሁኔታ ገደብ ይበጅለት። ሁለተኛ፣ ግጭት ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ይሰጠው። ሕንፃ መሥራትም ሆነ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

በ18 ዓመቱ የአውቶሞቢል ፈቃድ የያዘ ልጅ ፍሪሲዮን አለቃቀቅ፣ ዳገት ላይ ማስነሳት፣ ወደኋላ እየሄዱ ማቆምና የመንገድ ምልክቶችን ተምሯል። ይህ መኪና ማንቀሳቀስ ነው። የተማረውም በአብዛኛው በቀን ብርሃን፣ በዝግታ፣ አሠልጣኝ አጠገቡ ተቀምጦ ነው። በማግስቱ ግን ማታ፣ በዝናብ፣ አራት ጓደኛ ጭኖ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ቢወጣ በተግባር የሚያስቆመው የለም። በየትም አገር አዲስ አሽከርካሪ በብዛት የሚጋጨው ብቻውን መንዳት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። ምክንያቱ ድፍረት ብቻ ተደርጎ ይወራል። እኛ ግን ግማሹን የምንሰጠው ለዓይኑ ነው፦ ጀማሪ ኮፈኑ ጫፍ ላይ አፍጥጦ ይነዳል፤ የለመደ ሰው ግን ሩቅ አይቶ፣ ስፖኪዮ አይቶ፣ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ሰው ሊወጣ እንደሚችል ቀድሞ ይጠረጥራል። ይህ ጥርጣሬ በኪሎ ሜትር ብዛት የሚመጣ ነው፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይገኝም።

ቁጥሩን እናስላው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ልጁ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት፣ ጎማውና የፍሬን ሸራው ደህና ሆኖ፣ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ይፈልጋል፤ ድምሩ 45። በ80 ከሆነ 33 እና 36፣ ማለትም 69 ሜትር ነው። ወጣቶች ሲሰሙት የማያምኑት ቀጥሎ ያለውን ነው። በ60 ይሄድ የነበረው መኪና ልክ በቆመባት ቦታ ላይ፣ በ80 የመጣው ገና በ65 ገደማ እየበረረ ነው። «ሃያ ብቻ ነው የጨመርኩት» ይላል ልጁ። እግረኛውን የሚያገኘው ግን ሃያው ሳይሆን ስልሳ አምስቱ ነው። መንገዱ እርጥብ ከሆነ የ80ው መቆሚያ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። ከክረምቱ ሁሉ የሚከፉት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ናቸው፤ በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ታጥቦ እስኪሄድ ድረስ መንገዱ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። በ60 እየሄዱ ለሦስት ሰከንድ ስልክ ማየት 50 ሜትር ዓይን ጨፍኖ መሄድ ነው።

ማታ ሌላ ስሌት ይመጣል። የአጭር መብራት ማሳያ 50 ሜትር አካባቢ ነው፤ ፕላስቲኩ ቢጫ በሆነና በደበዘዘ አሮጌ መኪና ደግሞ ከዚያ ያንሳል። በ80 ለመቆም 69 ሜትር የሚያስፈልገው ልጅ፣ ማታ በአጭር መብራት ሲሄድ ሊያየው ባልቻለው መንገድ ላይ እየነዳ ነው። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ትንሽ ቀደም ብሎ ይታያል። ጥቁር ጃኬት የለበሰው ወይም ከመንገድ ዳር የተነሳ አህያ የሚታየው ግን ፍሬን ዋጋ ካጣ በኋላ ነው።

የጓደኛ ጭነት ሁለት ጉዳት አለው። አንዱ የታወቀ ነው፦ ሙዚቃው፣ ሳቁ፣ «ቅደመው!» የሚለው ድምፅ። ሁለተኛው ክብደት ነው። አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን ቪትዝ ላይ አምስት ጎልማሳ ሲሳፈር ክብደቷ በሲሶ ይጨምራል። ልጁ ብቻውን የለመዳት መኪናና ቅዳሜ ማታ የያዛት መኪና አንድ አይደሉም፤ ኩርባ ላይ ትከብዳለች፣ ፍሬኗ ቶሎ ይግላል። በዚህ ላይ የኋላ ወንበር ቀበቶ አለ፤ በብዙ መኪኖች ግን ማሰሪያው ከፎደራው ሥር ተቀብሮ ነው ያለው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጋጭ መኪና ውስጥ ያልታሰረ ሰው የሚያገኘው ምት ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ገደማ፣ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠው ደግሞ ሾፌሩ ነው። ፎደራውን ቀዶ ማሰሪያውን ማውጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ መጠጥ ሲነገር ጫት ይረሳል። ቀን ሙሉ ምርቃና ላይ የዋለ ወጣት ማታ ጨብሲ ሲጀምር የጫቱ ንቃት ስካሩን ይሸፍንበታል፤ አልሰከርኩም ብሎ ከልቡ ያምናል። ንቃቱ ሲለቀው ደግሞ ድካሙና አልኮሉ አንድ ላይ ይመጡበታል፣ ብዙ ጊዜ መሪ እንደያዘ። ቡናም ቀዝቃዛ ውኃም አልኮል ከደም አያወጡም። ሰውነት በሰዓት የሚያጠራው ከ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.015 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 0.08 የነበረው ሰው እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልጠራም።

መኪናውም የራሱ ድርሻ አለው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ በጣርማ በር ወይም በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ሲወርድ ልጁ እግሩን ፍሬን ላይ ተክሎ ይወርዳል፤ የባሰበት ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ይለቀዋል። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት ውኃ ይስባል፤ ውኃ የሳበ ዘይት ሲግል ይፈላል፤ የፈላው እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። በዜና «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ይነገራል። አብዛኛውን ጊዜ የበጠሰ ነገር የለም፣ የፈላ ነው። መፍትሔው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መቀነስ፣ ፍሬኑን ጫን እያሉ መልቀቅና የፍሬን ዘይቱን በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር ነው። ጎማ ሲገዛ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች ማንበብም ይጠቅማል፦ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ አሮጌ ጎማ በፍጥነት መንገድ ላይ ይፈነዳል። ያገለገለ መኪና ለልጁ የሚገዛ ወላጅ ቁልፉን ሲከፍት የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋቱን ይይ። ከነጭራሹ ካልበራ አምፖሉ ወጥቷል፤ ኤርባጉም ቀድሞ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጠባይ ይዘው መጥተዋል፦ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጡት ጉልበቱ በቅጽበት ይመጣል፤ ከባድም ናቸው፤ በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ ስለሌላቸው እግረኛው አይሰማቸውም። በአሮጌ ኮሮላ የሠለጠነ ልጅ ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶ ሜዳ ላይ ቢለማመድባቸው ይሻላል።

እንግዲህ ገደቡ እንዲህ ቢሆን እንላለን። ፈቃድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ከሌለ አይነዳም፤ ከቤተሰብ ውጭ ከአንድ ሰው በላይ አይጭንም፤ የአልኮል ልኬቱ ዜሮ ይሆናል። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ፈቃዱን በደረጃ ትሰጣለች፤ የሌሊት ገደቧም ከላይ የጻፍነው ሰዓት ነው። ጀርመን ከ21 ዓመት በታች ላለ አሽከርካሪ አንዲት ጠብታ አልኮል አትፈቅድም። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችንም ያውቁታል፦ አዲሱ አሽከርካሪ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀንም ማታም፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ማታ ማታ አጃቢ ሊኖረው ግድ ነው። ቁጥጥሩ ያስቸግራል የሚል መልስ እንጠብቃለን። የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ትራፊክ ፖሊስ ሳይሆን ቁልፉን የያዘው ወላጅ ነው፤ ወላጁ ደግሞ «ሕግ ነው ልጄ» የሚልበት ነገር ሲያገኝ ጭቅጭቁ ይቀልለታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን። ከግጭት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት የሚሠራው ስህተት አንዳንዴ ከግጭቱ ይከፋል። ልጁ ይሸሻል፤ ወይም የተጎዳውን በእጅና በእግሩ አንጠልጥሎ ታክሲ ውስጥ ይጨምራል፤ ወይም አባቱን ይጠራና አባት «እኔ ነኝ ስነዳ የነበርኩት» ይላል።

ከመጨረሻው እንጀምር፤ ብዙ ቤተሰብ ያፈረሰ ውሸት ነውና። መርማሪ የሾፌሩን ወንበር አቀማመጥ ያያል፤ የአባትየው ጉልበት መሪው ሥር ላይገባ ይችላል። በግራ መሪ መኪና የሾፌር ቀበቶ የሚያበልዘው ግራ ትከሻን ነው፤ ቀኝ ትከሻው የበለዘ ሰው ጎን ተቀምጦ ነበር። የፈነዳ ኤርባግ ላይ ደም ወይም ምራቅ ይቀራል። ውሸቱ ሲገለጥ ልጁ ከነጥፋቱ ይቀራል፣ አባትየው በሐሰተኛ ቃል ይጠየቃል፣ የመድን ድርጅቱም ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል። ከሁሉም የሚገርመው ውሸቱ ለካሳው ምንም አለመጥቀሙ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት መኪናዋ ላደረሰችው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳት ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ነጻ የሚወጣው በዚያን ጊዜ መኪናዋ ተሰርቃ እንደነበር ካስረዳ ነው። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ለሌለው የ16 ዓመት ልጅ «እስከ ሱቅ ድረስ» ብሎ ቁልፍ የሚሰጥ አባት ቤቱንም አብሮ እየሰጠ መሆኑን ይወቅ።

የወንጀሉ ጉዳይ የነጂው የራሱ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ አሽከርካሪን እንደ ሐኪም ሁሉ በስም ጠቅሶ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራትና መቀጮ ያደርገዋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም ጠጥቶ ከሆነ ከአምስት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሽማግሌ ልኮ ከሟች ቤተሰብ ጋር መታረቅ፣ ባህሉ ባለበትም ጉማ (የደም ካሳ) መክፈል፣ ተገቢ ነው፤ ቅጣት ሊያቀልም ይችላል። ክሱን ግን አያስቀረውም። መሸሽ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ይጨምራል፦ አንቀጽ 575 አደጋ ላይ ያለን ሰው አለመርዳትን ይቀጣል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ያከብደዋል። የተቆጣ ሰው ተሰብስቦ ለሕይወቱ የሚሰጋ ልጅ በቀጥታ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይናገር፣ እግረ መንገዱንም አምቡላንስ ይጥራ። ጣቢያ መሄድና ቤት ገብቶ መኪናዋን በሸራ መሸፈን አንድ አይደሉም።

ሁለት መኪና ሲጋጭ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 አለ። ማንም ጥፋቱን ካላስረዳ ሁለቱ እኩል እንዳጠፉ ይቆጠርና እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። ማስረጃ የማይሰበስብ ልጅ ቆሞ የተገጨም ቢሆን ግማሽ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። ማስረጃው ደግሞ መኪኖቹ ከተነሱ በኋላ አይገኝም። የተሰባበረው መስታወትና ከሥር የረገፈው ጭቃ የግጭቱን ነጥብ ያሳያሉ። ዘመናዊ ፍሬን ያለው መኪና የጎማ ምልክት ብዙም ስለማይተው፣ ምልክት የለም ማለት ፍሬን አልያዘም ማለት አይደለም፤ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ የሚያነሳው ትራፊክም ይህን ሊያስታውሰው ይገባል።

መድንን በተመለከተ፣ የሦስተኛ ወገን አዋጁ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ጣሪያው ምን ያህል ቢነሳ፣ ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ የወሰነው ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። ሙሉ መድን ያለውም ውሉን ያንብብ፦ ብዙ ውሎች መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው የነዳትን መኪና ጉዳት አይሸፍኑም፤ ለወጣት ወይም ለጀማሪ አሽከርካሪ ባለቤቱ ራሱ የሚከፍለውን መነሻ ከፍ ያደርጋሉ፤ ድርጅቱ ሳይፈቅድ ጥፋትን ማመንንና ካሳ መስማማትን ይከለክላሉ። እኛ አገር መንገድ ዳር ቆሞ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋራዥ አስገባና እከፍልሃለሁ» ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ጨዋነት ነው፤ ግን ይህንኑ ወረቀት ላይ ጽፎ መፈረም የመድን መብትን ሊያሳጣ ይችላል። «እግዚአብሔር ይማርህ» ማለትና የጥፋት ውል መፈረም ይለያያሉ።

ተጎጂው ወገንም ቀነ ገደብ አለበት። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል። ለሐዘኑ የሚከፈለው የሞራል ካሳ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. ሕጉ ሲወጣ ከባድ ገንዘብ ነበር። ይህ የናንተ መሥሪያ ቤት ሥልጣን አለመሆኑን እናውቃለን፤ ማንሳት ግን ነበረብን።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይህ ቢሆን እንጠይቃለን፤ አጭር ይሁን፣ ፊደሉም ጎላ ይበል።

መኪናውን አቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብራ። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን በከተማ 30 እርምጃ፣ በፈጣን መንገድ ቢያንስ 100 እርምጃ ወደኋላ ወስደህ አኑር፤ ስትሄድም በመንገዱ ጠርዝ ሂድ። ለአምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991፣ በአዲስ አበባ ለእሳትና ድንገተኛ 939 ደውል፤ መጀመሪያ ቦታውን ተናገር፣ ቀጥሎ የተጎጂውን ቁጥር። እሳት ወይም ሌላ መኪና የሚመጣበት አደጋ ከሌለ የተጎዳውን ከቦታው አታንቀሳቅስ። የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ ጫን፣ አትልቀቅ። ውኃ አታጠጣ። የሞተር ብስክሌት ነጂን ቆብ አታውልቅ፣ መተንፈስ ካልከለከለው በቀር። አምቡላንስ ከነጭራሹ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ለአራት ወይም ለአምስት ሆናችሁ፣ አንዱ ጭንቅላቱን ከአንገቱ ጋር ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በጣውላ ወይም በበር ላይ አጋድማችሁ ፒካፕ ላይ ጫኑት። ጤና ተቋም የትራፊክ አደጋ ተጎጂን «መጀመሪያ ክፈል» ብሎ መመለስ አይችልም፤ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ አስቸኳይ ሕክምናን ያስገድዳል፣ መድን የሌለው ወይም የተሰወረ መኪና ያደረሰው ቢሆንም ለዚሁ የተቋቋመ ፈንድ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ብርቱካናማ ሽቦ አትንካ፤ ጭስ ካየህ ራቅ፣ የጠፋ ቢመስልም ባትሪው ተመልሶ ሊነድ ይችላል።

ሰው ከተጎዳ ፖሊስ ሳያይ መኪናውን አታንሳ። ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሳ፤ አንዱ ፎቶ የማይነቀል ነገር፣ የመብራት ምሰሶ ወይም የድልድይ ጫፍ፣ ይግባበት፤ ርቀት የሚለካው ከእሱ ነው። ስብርባሪውን፣ ታርጋዎቹን፣ የሌላውን አሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የሦስተኛ ወገን ምልክት አንሳ። የሁለት ምስክር ስልክ ያዝ፤ ከሁለቱም መኪና ያልወረዱ ቢሆኑ ይመረጣል። ፖሊስ ያነሳውን ፕላን ሳታነብ አትፈርም፤ መስመርህ ወይም አቅጣጫህ ተሳስቶ ከሆነ እዚያው ተናገር። ለመድን ድርጅትህ በዚያው ቀን አሳውቅ። ራስህን ከመታህ፣ ባይሰማህም፣ ታይ፤ የውስጥ ደም ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

ወረቀቱ ከሊብሬው ጋር በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ከይዘቱም በጽሑፍ ፈተናው ቢያንስ አምስት ጥያቄ እንዲወጣ እንጠይቃለን። በአማርኛ የተዘጋጀው ረቂቅ በእጃችን አለ፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎች የሥራ ቋንቋዎች የሚተረጉም ክፍል ከተመደበ ያለ ክፍያ እናስረክባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በመንገድ ደህንነት ሙያ የተሰማሩ ጸሐፊዎች፣ አዲስ አበባ